የሐረመይን ባቡር፦ በጅዳና በመካ መካከል የሚሮጡት ባቡሮች ምን ዓይነት ናቸው? ለመሳፈርስ ምን ያስፈልጋል?

ጅዳ ውስጥ በሐረመይን መንገድ በታክሲም ሆነ ከአሠሪ ቤተሰብ ጋር በመኪና ያለፈች እህት፣ ረጅሙ ባቡር ሽው ብሎ ሲያልፍ ማየቷ አይቀርም። «ይሄ ባቡር ለእኛም ይሆናል ወይስ ለሐጃጆችና ለአገሬው ሰው ብቻ ነው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሳል። መልሱ፦ ለእኛም ይሆናል። የቤት ሠራተኛ ስለሆነች ወይም ኢትዮጵያዊት ስለሆነች የምትከለከል ሰው የለችም። የሚጠየቀው ትኬትና በራስ ስም የወጣ ሕጋዊ ወረቀት ነው። ችግር ሲመጣም አብዛኛውን ጊዜ ከባቡሩ ሳይሆን ከወረቀቱ ነው።

በዚህ ጽሑፍ በጅዳና በመካ ያሉት ባቡሮች ምን እንደሆኑ፣ የት እንደሚቆሙ፣ ማን እንደሚሳፈርባቸው እና ከመሳፈራችሁ በፊት ምን ማረጋገጥ እንዳለባችሁ በዝርዝር እናያለን።

ባጭሩ

- የሐረመይን ባቡር መካን፣ ጅዳን፣ የጅዳን ኤርፖርት፣ የንጉሥ አብዱላህ ኢኮኖሚ ከተማን እና መዲናን ያገናኛል። ዓመቱን ሙሉ ይሠራል።
- የመሻዒር ባቡር የሚባለው ደግሞ በሚና፣ በሙዝደሊፋና በዐረፋ መካከል ብቻ የሚሄድ፣ በሐጅ ቀናት ብቻ የሚሠራ ሌላ ባቡር ነው።
- ጅዳ ውስጥ ከሰፈር ሰፈር የሚሄድ የከተማ ባቡር የለም። ሜትሮ ያለው ሪያድ ነው፤ እሱም የተከፈተው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ነው።
- ትኬት የሚቆረጠው በኢቃማ ወይም በፓስፖርት ቁጥር ነው።
- ሙስሊም ያልሆነ ሰው መካ መግባት በሕግ የተከለከለ ነው። በሐጅ ወቅት ደግሞ ሙስሊም የሆኑትም ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል።

የሐረመይን ባቡሮች፦ ስንት ናቸው? ከየት መጡ?

«ሐረመይን» ማለት ሁለቱ የተከበሩ ስፍራዎች ማለት ነው፤ መካና መዲና። መስመሩ ከመካ ተነሥቶ በጅዳ በኩል አድርጎ እስከ መዲና ወደ 450 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። እ.ኤ.አ. መስከረም 25 ቀን 2018 በንጉሥ ሰልማን ተመረቀ፤ ሕዝቡን መጫን የጀመረው ጥቅምት 11 ቀን 2018 ነው።

ባቡሮቹ የተሠሩት ስፔን ውስጥ ታልጎ በሚባል ኩባንያ ነው። መንገደኛ የሚጭኑት 35 ሲሆኑ አንድ ተጨማሪ ልዩ ባቡር ለመንግሥት እንግዶችና ለንጉሣውያን ቤተሰብ ተሠርቷል። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2011 ያሸነፉት 12 የስፔንና 2 የሳዑዲ ኩባንያዎች በአንድ ላይ ሆነው ነው፤ የውሉ ዋጋም 6.7 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ነበር። በውሉ ውስጥ ባቡር ማቅረብና ሐዲድ መዘርጋት ብቻ ሳይሆን ለ12 ዓመት ማንቀሳቀስና መጠገንም ተካቷል። ይህን ነጥብ ያዙት፣ ወደ አዲስ አበባው ባቡር ስንመጣ እንመለስበታለን።

የአንዱ ባቡር አሠራር ይህን ይመስላል፦

- 13 ፉርጎ አለው። 8ቱ ኢኮኖሚ፣ 4ቱ ቢዝነስ ክፍል፣ አንዱ ምግብና መጠጥ የሚሸጥበት ነው።
- 417 ሰው ወንበር ላይ ያስቀምጣል፤ 304ቱ ኢኮኖሚ፣ 113ቱ ቢዝነስ።
- በሁለቱም ጫፍ ሞተር ያለው ራስ አለው። ስለዚህ መዞር አያስፈልገውም፤ መካ ደርሶ ሾፌሩ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄዶ ይመለሳል።
- በኤሌክትሪክ ይሠራል። ኃይሉን የሚያገኘው ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ ነው።
- በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። በከተማ አቅራቢያና በጣቢያዎች ግን ፍጥነቱን ይቀንሳል።

አፍንጫው ረዘም ብሎ ጠፍጠፍ ያለ ስለሆነ ስፔኖች የዚህን ባቡር ታላቅ ወንድም «ዳክዬ» ይሉታል። አፍንጫው እንዲህ የተሠራው በዚያ ፍጥነት ሲሮጥ ነፋሱን እየሰነጠቀ እንዲሄድ ነው። ሌላው የታልጎ ልዩ ነገር ጎማዎቹ ናቸው። በተራ ባቡር ላይ ጎማዎቹ ከእያንዳንዱ ፉርጎ ሥር ናቸው፤ በታልጎ ግን ጎማዎቹ ያሉት ሁለት ፉርጎዎች በሚገናኙበት ቦታ ነው። ፉርጎዎቹም አጠር አጠር ያሉ ናቸው። በዚህ ምክንያት ባቡሩ ቀላል ነው፣ ኩርባ ላይም ብዙ አይናጥም።

ለበረሃው ተብሎ የተጨመረለትም አለ። በዚህ አገር ሙቀቱ 50 ዲግሪ የሚጠጋበት ጊዜ ስላለ የአየር ማቀዝቀዣው ከስፔኑ ይበልጥ እንዲጠነክር ተደርጓል፤ አቧራ ወደ ሞተሩ እንዳይገባም ማጣሪያና መዝጊያ ተሠርቶለታል። አሸዋ የዚህ መስመር ትልቁ ጠላት ነው። ነፋስ እያመጣ ሐዲዱ ላይ ሲከምረው መጥረግ ያስፈልጋል፤ ይህም ሥራ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ አይደለም።

ብዙዎቻችሁ ደስ የሚላችሁ ነገር ደግሞ ሾፌሮቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ለ30 የሴት ሾፌር ቦታ ማስታወቂያ ሲወጣ 28,000 ያህል ሴቶች አመለከቱ። በጥር 2023 ደግሞ 32 የሳዑዲ ሴቶች ሥልጠናቸውን ጨርሰው ይህን ባቡር ለመንዳት መብቃታቸው ተገለጸ። ሴት መኪና መንዳት የተፈቀደላት በ2018 አጋማሽ ላይ መሆኑን ስታስቡት አምስት ዓመት ሳይሞላ በ300 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሮጥ ባቡር መያዝ ቀላል ነገር አይደለም።

ጣቢያዎቹ፦ «ጅዳ» ሁለት ጊዜ አለ፣ አትሳሳቱ

መስመሩ አምስት ጣቢያ አለው።

1. መካ፦ ጣቢያው ያለው ሩሰይፋ በሚባለው ሰፈር ነው። ከሐረም ወደ 4 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በሙቀት ሻንጣ ይዞ በእግር የሚኬድ አይደለም፤ ከጣቢያው አውቶቡስ ወይም ታክሲ መያዝ ያስፈልጋል።

2. ጅዳ ሱለይማኒያ፦ የከተማው ጣቢያ ይሄ ነው። ሳፋ እና በዙሪያው ባሉ ሰፈሮች ለምትሠሩ የሚቀርባችሁ እሱ ነው። ታክሲ ስትይዙ «ሐረመይን» ብቻ ካላችሁ ሾፌሩ ሐረመይን የሚባለውን አውራ ጎዳና ሊመስለው ይችላል። «መሐጠት ቂጣር አል-ሐረመይን፣ ሱለይማኒያ» በሉት።

3. ጅዳ ኤርፖርት፦ በንጉሥ አብዱልዐዚዝ ኤርፖርት ውስጥ፣ ከተርሚናል 1 ጋር የተያያዘ ነው።

4. የንጉሥ አብዱላህ ኢኮኖሚ ከተማ፦ ራቢግ አካባቢ፣ ቀይ ባሕር ዳር።

5. መዲና፦ የመስመሩ መጨረሻ።

ትኬት ስትቆርጡ ከዝርዝሩ ውስጥ «ጅዳ» የሚል ሁለት ቦታ ታያላችሁ፤ አንዱ ሱለይማኒያ፣ ሌላው ኤርፖርት። የተሳሳተውን ከመረጣችሁ ባቡሩ ሌላ ቦታ እናንተ ሌላ ቦታ ትሆናላችሁ። ከመክፈላችሁ በፊት ደግማችሁ እዩት።

ከጅዳ ሱለይማኒያ መካ ከ80 ኪሎ ሜትር ያነሰ መንገድ ነው፤ ባቡሩ ከአንድ ሰዓት በታች ይደርሳል። ከመካ መዲና ደግሞ ከሁለት ሰዓት ትንሽ በላይ ነው። ይህ መንገድ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን የሚወስድ ነበር።

የሱለይማኒያ ጣቢያ ከባድ አደጋ ደርሶበት እንደነበርም ማወቅ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 29 ቀን 2019 እሳት ተነሥቶ የጣቢያውን ጣሪያ አቃጠለው፤ መላው መስመርም ቆመ። ጣቢያውን በጎን የሚያልፍ አዲስ ሐዲድ ተሠርቶ ባቡሩ በታኅሣሥ ወር 2019 እንደገና ጀመረ፤ የኤርፖርቱ ጣቢያም በዚያው ጊዜ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ኮሮና መጣና በመጋቢት 2020 ዳግመኛ ቆሞ በመጋቢት 2021 መጨረሻ ተመለሰ። ዛሬ «ሱለይማኒያ ተቃጥሏል፣ አይሠራም» የሚላችሁ ካለ የቆየ ወሬ ነው የሚነግራችሁ።

የመሻዒር ባቡር፦ በሐጅ ቀናት ብቻ የሚነቃው

መካ አካባቢ የምትሠሩ ሚና ወይም ዐረፋ ላይ ከፍ ባለ ድልድይ ላይ የተዘረጋ ሐዲድ አይታችሁ ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ ጭር ብሎ የሚታየው ይህ መስመር 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዘጠኝ ጣቢያ አለው፤ ሦስት በዐረፋ፣ ሦስት በሙዝደሊፋ፣ ሦስት በሚና። የመጨረሻው ጀመራት ላይ ነው። የሠራው የቻይና የባቡር ግንባታ ኮርፖሬሽን ሲሆን ውሉ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 ተፈርሞ በኅዳር 2010 ለሐጅ ደረሰ።

ባቡሮቹ 17 ናቸው። እያንዳንዳቸው 12 ፉርጎ ስላላቸው በድምሩ 204 ፉርጎ ይሆናል። አንዱ ባቡር 3,000 ሰው ያህል ይጭናል፤ አብዛኛው ቆሞ ነው የሚሄደው። ሰው በፍጥነት እንዲገባና እንዲወጣ እያንዳንዱ ፉርጎ በአንድ ጎን አምስት በር አለው። በአንድ ሰዓት በአንድ አቅጣጫ 72,000 ሰው እንዲያጓጉዝ ታስቦ የተሠራ ነው፤ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ አቅም ያለው መስመር ጥቂት ነው።

በዚህ ባቡር የሚሳፈሩት የሐጅ ፈቃድ ያላቸውና የባቡር አገልግሎት በሐጅ ጥቅላቸው ውስጥ የተካተተላቸው ሐጃጆች ናቸው። በጣቢያው በር ላይ ሄዶ ትኬት መግዛት የለም። «የመሻዒር ባቡር ትኬት አለኝ፣ ሐጅ አስገባሻለሁ» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ሽሹ።

የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር እና የመካው፦ የአንድ ፋብሪካ ልጆች

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የመሻዒር ባቡሮች የተሠሩት ቻይና ውስጥ ቻንግቹን በሚባለው ከተማ ባለ ፋብሪካ ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም የመጣው ከዚያው ነው።

የአዲስ አበባው 41 ባቡር ነበረው። ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚሄደው መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም፣ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው ደግሞ በጥቅምት ወር መጨረሻ 2008 ዓ.ም ሥራ ጀመሩ። ከ31 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመትና 39 ጣቢያ ያለው ሆኖ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት፤ 85 በመቶው ከቻይና የተገኘ ብድር ነበር። ትኬቱ ሲጀመር እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ያኔ አገር ቤት የነበራችሁ ግፊያውን ታስታውሱታላችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ባቡሮቹ አንድ በአንድ መቆም ጀመሩ። በ2015 ዓ.ም አካባቢ ከ41ዱ በሥራ ላይ የነበሩት 8 ገደማ ብቻ እንደሆኑ ተዘግቧል። የመለዋወጫ ዕቃ ከውጭ በዶላር ነው የሚገዛው፤ የትኬቱ ብር ደግሞ ወጪውን አይሸፍንም። መብራት ሲቋረጥም ባቡሩ መንገድ ላይ ይቀራል። አንዱ ባቡር ሲበላሽ ዕቃው ተፈትቶ ለሌላው ይሰጥና ሁለተኛው ለጥቂት ጊዜ ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ግን እዚያው ይቀራል።

ልዩነቱ የባቡሩ ጥራት ብቻ አይደለም። የመሻዒር ባቡሮች በዓመት ሰባት ቀን ያህል ብቻ ሠርተው ቀሪውን ጊዜ እየተፈተሹና እየተጠገኑ ይቆያሉ። የሐረመይኑም ሲገዛ የ12 ዓመት ጥገና አብሮ ነው የተገዛው። የአዲስ አበባው ከጠዋት እስከ ማታ ከአቅሙ በላይ እየጫነ፣ መለዋወጫ እየጠበቀ ነበር የሚሠራው። ቤት መሥራትና ቤት ማቆየት እንደሚለያዩ ሁሉ ባቡር መግዛትና ባቡር ማቆየትም ይለያያሉ። ይህን የምናነሳው አገራችንን ለማሳነስ ሳይሆን «እዚህ እንዲህ ይሠራል፣ እኛ ጋ ለምን ቆመ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ስለሆነ ነው።

ለመሳፈር ምን ያስፈልጋል?

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ።

*ወረቀት።* ትኬት ላይ ስማችሁና የኢቃማ ቁጥራችሁ ይሰፍራል። ኢቃማ ገና ያልወጣላችሁ በፓስፖርት ቁጥር ትቆርጣላችሁ። ጣቢያው ላይ ትኬቱንና መታወቂያውን አመሳክረው ሊያዩ ስለሚችሉ በጓደኛ ስም በተቆረጠ ትኬት መሄድ አይቻልም። ማዳም ለእናንተ ስትቆርጥም በእናንተ ስምና ቁጥር መሆኑን አይታችሁ አረጋግጡ። የካርዱ ኢቃማ በእጃችሁ ከሌለ በአብሽር በኩል የሚታየው ዲጂታል ኢቃማ ያገለግላል፤ ስልካችሁ ላይ ክፈቱት።

*ትኬት።* በባቡሩ ድረ ገጽ፣ በስልክ መተግበሪያው ወይም ጣቢያው ላይ ባለው መስኮት ይገዛል። ባቡሩ ሲከፈት ከጅዳ መካ የኢኮኖሚ መደበኛ ዋጋ 40 ሪያል ነበር፤ አሁን ግን ዋጋው እንደ ቀኑና እንደ ሰዓቱ ይለያያል። በረመዳንና በዓርብ ቀን ቶሎ ስለሚያልቅ ቀደም ብላችሁ ቁረጡ። ከጣቢያው ደጅ ቆሞ «ትኬት አለኝ» ከሚል ሰው አትግዙ።

*ሰዓት።* ባቡሩ ሰው አይጠብቅም። በሩ ባቡሩ ከመነሣቱ በፊት ይዘጋል። ሻንጣ በማሽን ይፈተሻል፤ ልክ እንደ ኤርፖርት ነው። አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ አትጨናነቁም።

*ወንበር።* ትኬቱ ላይ የፉርጎ ቁጥርና የወንበር ቁጥር አለ። በፈለጋችሁበት አይቀመጥም። ካጠፋችሁ ትኬቱን ለሠራተኛዋ አሳዩአት፣ ትመራችኋለች።

*ሻንጣ።* የሚፈቀደው መጠን ትኬቱ ላይ ተጽፏል፤ አንብቡት። ካርቶን እየጠቀለላችሁ ዕቃ የምታጓጉዙበት መኪና አይደለም።

ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት ነገር አረጋግጡ

አንደኛ፣ ኢቃማችሁ ያላለፈበት መሆኑን። ኢቃማ ማሳደስና ክፍያውን መክፈል የአሠሪው ግዴታ ነው፣ የእናንተ አይደለም። ያለፈበትን ይዞ መንቀሳቀስ ግን መንገድ ላይ የሚይዘው እናንተን ነው።

ሁለተኛ፣ ሁሩብ አለመደረጋችሁን። አንዳንድ ከፊል ሠራተኛዋ ሳታውቅ «ጠፋች» ብሎ ያስመዘግባል። አብሽር ላይ ገብታችሁ ሁኔታችሁን እዩ። ችግር ካያችሁ ጉዞውን ተዉት፤ በቀጥታ በሥራ ሚኒስቴሩ በኩል አቤት በሉ ወይም ጅዳ ያለውን የኢትዮጵያ ቆንስላ አማክሩ።

ሦስተኛ፣ ጉዞው በዕረፍት ቀናችሁ መሆኑን። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ሥራ ላይ በዋለው የቤት ሠራተኞች ደንብ መሠረት በሳምንት 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት አላችሁ። የቀን ሥራም ከ10 ሰዓት መብለጥ የለበትም። የአንድ ወር ዕረፍት ከነክፍያው ማግኘትም አለ። ይህ መብታችሁ ነው። ቢሆንም ሳትናገሩ አትውጡ። ለማዳም ወይም ለባባ በዋትሳፕ «ዛሬ በዚህ ሰዓት ወደዚህ ቦታ እሄዳለሁ፣ በዚህ ሰዓት እመለሳለሁ» ብላችሁ ጻፉ፤ መልሷንም አታጥፉት። በኋላ «ጠፋች» የሚል ነገር ቢመጣ ያ መልእክት ማስረጃችሁ ነው።

ፓስፖርቴ ማዳም ጋ ነው፣ ምን ላድርግ?

ይህ በጣም የሚደጋገም ጥያቄ ነው። ሕጉ ግልጽ ነው፤ አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርትና የግል ወረቀት መያዝ አይችልም። በተግባር ግን ብዙ ቤት ውስጥ ተይዞ እንደሚቀመጥ እናውቃለን።

መጀመሪያ በጥሩ ቃል ጠይቁ፤ «ትኬት ለመቁረጥ ያስፈልገኛል» ማለት ምክንያት ነው። እምቢ ካሉ የፓስፖርቱንና የኢቃማውን ፎቶ እንኳ ስልካችሁ ላይ ይኑራችሁ፤ አገር ቤት ላለ የምታምኑት ሰውም ላኩት። ቀጥሎ ለሳዑዲ የሰው ኃይልና ማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴር በ19911 ደውላችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። አካላዊ ጥቃት ወይም አስቸኳይ አደጋ ካለ በመካና በጅዳ የሚደወለው 911 ነው።

መካ ማን ይገባል?

ሙስሊም ያልሆኑ እህቶች ሆይ፣ ወደ መካ ትኬት አትቁረጡ። ለመጎብኘትም፣ ዘመድ ለመጠየቅም፣ ማዳም «ነይ ልጆቹን ያዢልኝ» ብትልም ሕጉ አይፈቅድም። አሠሪያችሁ ሃይማኖታችሁን ካላወቀች ከጉዞው በፊት ንገሯት። ከጅዳ ወደ ኤርፖርት ወይም ወደ ኢኮኖሚ ከተማው መሄድ ግን ምንም ክልከላ የለበትም።

ለዑምራ የምትሄዱ ሙስሊም እህቶች በኑሱክ መተግበሪያ ፈቃድ አውጡ። ማህረም የግድ እንዳልሆነ የሐጅና ዑምራ ሚኒስትሩ እ.ኤ.አ. በ2022 ተናግረዋል፤ ስለዚህ ወንድ ዘመድ የለኝም ብላችሁ አትቅሩ።

በሐጅ ወቅት ነገሩ ይጠብቃል። ለምሳሌ በ2025 ከሚያዝያ 23 ጀምሮ ነዋሪ የሆነ ሰው መካ መግባት የሚችለው ኢቃማው መካ የወጣ ከሆነ፣ የሐጅ ፈቃድ ካለው ወይም እዚያ ለመሥራት ፈቃድ ካለው ብቻ ነበር። አሠሪ ቤተሰብ መካ ሲሄድ ሠራተኛዋን መውሰድ ከፈለገ የመግቢያ ፈቃዷን በአብሽር ማውጣት ይችላል። «ከእኛ ጋር ስለሆንሽ ማንም አይጠይቅሽም» የሚለውን አትመኑ፤ ፈቃዱን አሳዩኝ በሉ።

ፈቃድ ሳይኖር ሐጅ ለማድረግ የሞከረ በዚያው ዓመት እስከ 20,000 ሪያል እንደሚቀጣ ተነግሯል። ያጓጓዘውና ያስጠለለው እስከ 100,000 ሪያል። ነዋሪ የሆነና ቪዛው ያለፈበት የውጭ ዜጋ ከቅጣቱ በኋላ ከአገር ይባረራል፤ ለ10 ዓመትም መመለስ አይችልም። 20,000 ሪያል ለብዙዎቻችን ከአንድ ዓመት ተኩል ደመወዝ በላይ ነው። ቀኖቹ በየዓመቱ ስለሚቀያየሩ ሐጅ ሲቃረብ አዲሱን መመሪያ ተከታተሉ።

ወደ አገር ስትመለሱ፦ ባቡሩ እስከ ኤርፖርት

መካ ወይም መዲና ሠርታችሁ ኩሩጅ ወጥቶላችሁ የምትመለሱ በባቡር በቀጥታ ኤርፖርት መውረድ ትችላላችሁ። ነገር ግን ሁለት ነገር አስቡ። የመጀመሪያው፣ የባቡሩ ጣቢያ ያለው ተርሚናል 1 ነው፤ የጅዳ ኤርፖርት ደግሞ ከአንድ በላይ ተርሚናል አለው። የአውሮፕላን ትኬታችሁ ላይ የትኛው ተርሚናል እንደተጻፈ እዩ። ሌላ ከሆነ ለመዘዋወር ጊዜ ያስፈልጋችኋል። ሁለተኛው ሻንጣ ነው። ለአውሮፕላን የተፈቀደላችሁ ኪሎ ለባቡሩም ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ብዙ ዕቃ ካላችሁ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ታክሲ መጋራት ሊሻል ይችላል።

ባቡሩ ቢዘገይ አውሮፕላኑ አይጠብቃችሁምና ከበረራው ሰዓት ቢያንስ ከአምስት ሰዓት በፊት ኤርፖርት የሚያደርሳችሁን ባቡር ምረጡ።

ጣቢያ ላይ የሚጠቅሙ የዓረብኛ ቃላት

- ቂጣር — ባቡር
- መሐጣ — ጣቢያ
- ተዝኪራ — ትኬት
- ዐረባ — ፉርጎ
- መቅዓድ — ወንበር
- በዋባ — በር፣ መግቢያ
- ሸንጣ — ሻንጣ
- መጣር — ኤርፖርት
- ሙተአኺር — የዘገየ
- ወይን ቂጣር መካ? — የመካ ባቡር የት ነው?
- ሃዛ መካኒ — ይሄ የእኔ ቦታ ነው

የሚደጋገሙ ጥያቄዎች

*ብቻዬን መሳፈር እችላለሁ?* አዎ። ሴት ብቻዋን መሳፈር አልተከለከለችም።

*ከማዳም ልጆች ጋር ብቻዬን ብላክስ?* ለልጆቹም በስማቸው ትኬት መኖር አለበት። የማዳምን ስልክ ቁጥር ያዙ፤ ልጆቹን እንድትወስዱ የላከችበትን መልእክትም አስቀምጡ።

*ባቡሩ ካመለጠኝ ገንዘቤ ይመለሳል?* እንደ ትኬቱ ዓይነት ይለያያል። ከመነሻው ሰዓት በፊት መለወጥ ወይም መሰረዝ ካለፈ በኋላ ከመጠየቅ ሁሌም ይቀላል።

*ስልክ ወይም ቦርሳ ረስቼ ብወርድ?* በወረዳችሁበት ጣቢያ ወዲያውኑ ለሠራተኞች ተናገሩ። የፉርጎና የወንበር ቁጥራችሁ ትኬቱ ላይ ስላለ ትኬቱን ከጉዞው በኋላም አትጣሉት፣ ከስልካችሁም አታጥፉት።

*ኢቃማ የሌላት ጓደኛዬ በእኔ ኢቃማ ብትሳፈርስ?* አይሆንም። እሷም ትያዛለች፣ እናንተም ወረቀታችሁን ለሌላ ሰው በመስጠት ትጠየቃላችሁ። ለእሷ የሚበጃት ቆንስላውን ማነጋገር ነው።

ይህን ጽሑፍ አዲስ ለመጡ እህቶች አሳልፉላቸው። ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ ስልካችሁን አውጡና የኢቃማችሁን ማብቂያ ቀን እዩ።